በእናት እጅ ያለ ድንጋይ

የጥንት ቅርስ ፍለጋ በተነሣ ቁጥር በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ቀድሞ የሚያብለጨልጨው ወርቅ ነው። በአዲስ አበባ፣ በስድስት ኪሎ፣ በአርኪዮሎጂ መግቢያ ትምህርት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የተሰበሰቡት ተማሪዎችም ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበራቸውም። መምህሩ በሰሌዳው ላይ አንዳች ሳይጽፉ «ከዚህ ትምህርት ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ አንዱ የነገሥታት መቃብር፣ ሌላው የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛዪቱን ድንቅነሽ እንደሚጠብቅ ተናገረ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ግን ተመድቦ እንጂ ወዶ አለመምጣቱን በግልጽ አስታወቀ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም አብረው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ መምህሩ በክፍሉ ጥግ የነበረውን የቆሻሻ ቅርጫት አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ እያወጡ በተርታ ደረደሩ። ከላይ የከረሜላ ልጣጭ፣ ከሥሩ የተቀደደ የፈተና ወረቀት፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ የተሰበረ ሲኒ፣ ከሁሉም በታች የጠመኔ ቁርጥራጭ ተገኘ። «የትኛው ቀድሞ ተጣለ? ማን ጣለው? ሲኒውን የሰበረውና ፈተናውን የቀደደው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?» እያሉ ጠየቁ። ተማሪዎቹ በመላ ምት ተከራከሩ። መምህሩም ሁሉን ካዳመጡ በኋላ ቅርጫቱን ሞልተው አናወጡት፤ እንደገናም ገለበጡት። ዕቃው ያው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ጠፍቷል። «አሁን ጠይቁት፤ አይመልስላችሁም» አሉ። የዚያ ዕለት ትምህርት ይኸው ነበር። ዕቃ ብቻውን አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ከወደቀበት ሥፍራ፣ ከተኛበት ጥልቀትና ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ነው።

በዚያው ዕለት እያንዳንዱ ተማሪ የትውልድ አካባቢውንና የቤተሰቡን ሥራ እንዲናገር ተጠየቀ። ጥያቄው ለወግ ያህል የቀረበ አልነበረም፤ መምህሩ በየትኛው ተማሪ ደጅ ምን ዓይነት ጥንታዊ ሥፍራ እንዳለ፣ ቤተሰቡም በሥራው ከምድሩ ጋር ምን ያህል እንደሚተዋወቅ ማወቅ ይሹ ነበር። ከሶዶ የመጣው ተማሪ በአባቱ ማሳ መካከል የጢያን ትክል ድንጋይ የሚመስል ድንጋይ መቆሙን፣ አባቱም በሬዎቹን ዙሪያውን እያዞሩ እንደሚያርሱ አስረዳ። ከአክሱም የመጣችው ደግሞ ዝናብ አፈሩን አጥቦ በሄደ ማግሥት ሕፃናት ጥንታዊ ሳንቲም እየለቀሙ ለእንግዳ እንደሚሸጡ ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ኩራትም ኀፍረትም ነበረበት። ተራው በመስኮቱ በኩል ለተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ ደረሰ።

«ከኮንሶ ነኝ። እናቴ ነጋዴ ናት» አለችና ተቀመጠች።

ንግግሯ አጭር ነበር፤ ግማሹም ሐሰት ነበር። እናቷ ቆዳ ጠፋሪ ናቸው። የከብትና የፍየል ቆዳ በድንጋይ ምላጭ ፍቀው፣ አለስልሰው፣ ለምንጣፍና ለከረጢት አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ልጅቷን እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሳት ገንዘብም ከዚሁ የተገኘ ነው። ነገር ግን በአገራችን በብዙ ሥፍራ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ቆዳ ጠፋሪ ለዘመናት ሲናቁ ኖረዋል። ሕዝቡ የሸክላ ሠሪዋን እንስራ ተሸክሞ ውሃ ይቀዳል፣ የቀጥቃጩን ማረሻ ይዞ ያርሳል፣ በጠፋሪዋ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፤ ሠሪዎቹን ግን በጋብቻም በማዕድም ያርቃል። ልጅቷ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ስትገባ ከሻንጣዋ ጋር ያልያዘችው ነገር ቢኖር የእናቷን ሙያ ስም ነበር።

የሚቀጥሉት ሳምንታት በሥራ አለፉ። ተማሪዎቹ ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ በእግራቸው ወርደው በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ጎበኙ። በኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ በሐዳር የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ከመላ አጽሟ የተረፈላት 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ለተመልካች የተዘረጋው ደግሞ ምስለ ቅርጿ እንጂ ዋናው አጥንት አይደለም። ይህን የሰሙ ጥቂት ተማሪዎች ቅር አላቸው። መምህሩ ግን ዕድሜዋ የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን አብሮ ከተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ መሆኑን አስረዱ። አንድ ሰው ከሐዳር አንሥቶ በኪሱ ይዟት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዕድሜዋን በልበ ሙሉነት የሚናገር አይገኝም ነበር።

በግቢው ውስጥም የመለማመጃ ጉድጓድ ተቆፈረ። አራት ችካል ተተከለ፣ ሲባጎ ተወጠረ፣ በቱምቢና በውሃ ልክ ቀጥታው ተረጋገጠ። ተማሪዎቹ በግንበኛ ማንኪያ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር እየላጡ አፈሩን በወንፊት ነፉ። ወርቅ ሲጠብቁ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪና የቆርኪ ክዳን አገኙ። ያ ሳይወድ የተመደበው ወጣት አንድ ቀን ሰማያዊ ዶቃ አይቶ በደስታ እየጮኸ መንጭቆ አወጣው። መምህሩ ተቆጥተው አያውቁም፤ ያን ዕለትም አልተቆጡም። «የት ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ወጣቱ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተ፤ ሊያመለክት የሚችለው ቀዳዳ አልነበረም። «የተቆፈረ አፈር ተመልሶ አይቆፈርም። ቁፋሮ ማጥፋትም ነው። ያጠፋነውን የሚተካው የጻፍነው ብቻ ነው» አሉ። ወጣቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ሜትርና እርሳስ ሳይዝ ወደ ጉድጓዱ አልወረደም።

የኮንሶዋ ልጅ በዚህ ሁሉ ጎበዝ፣ ዝምተኛና ጠንቃቃ ነበረች። ዝምታዋ የተሰበረው በሰባተኛው ሳምንት፣ የድንጋይ መሣሪያ አሠራር በተግባር በተሞከረበት ዕለት ነው።

መምህሩ የባልጩት ጉማጅና ከወንዝ የተለቀሙ ድቡልቡል መቺ ድንጋዮች አመጡ። ተማሪዎቹ የዐይን መከላከያ አድርገው፣ ጭናቸው ላይ ቁራጭ ቆዳ አንጥፈው ተቀመጡ። ቀላል መስሏቸው ነበር። በአፋር፣ በጎና፣ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተሠራውን መሣሪያ በሥዕል አይተው «ይህንማ ማን ያቅተዋል» ብለው ነበርና። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱ ጣታቸውን ቆረጡ፣ አንደኛው ጉማጁን ዐመድ አደረገው፣ የቀሩትም ሲደበድቡ ቆይተው አንድ ስለታም ፍንካች አላወጡም። በመካከል አንድ የከተማ ልጅ ላቡን እየጠረገ «እኛን ፋቂ ሊያደርጉን ነው እንዴ?» አለ። ተሳቀ።

ሳቁ ገና ሳያባራ መምህሩ ፎቶግራፍ አሳዩ። በሥዕሉ ላይ አንዲት የኮንሶ ሴት በደጃፏ ተቀምጣ፣ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ የተጣበቀ የድንጋይ ምላጭ ይዛ ቆዳ ትፍቃለች። መምህሩ እንዲህ ሲሉ አስረዱ። በኢትዮጵያ ደቡብ በድንጋይ ምላጭ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል። በጋሞ ሥራው የወንዶች ሲሆን በኮንሶ የሴቶች ነው። የዓለም ሊቃውንት የድንጋይ መሣሪያ ሠሪን ሲሥሉ ለረጅም ጊዜ ወንድ አድርገው ሲሥሉ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኮንሶ ሴቶች ጥናት ግን ይህን ልማድ ከሥሩ ተፈታተነው። ሴቶቹ ጥሩውን ድንጋይ ከመጥፎው ለይተው ከሩቅ ያመጣሉ፣ ይጠርባሉ፣ በእጀታ ያስገባሉ፣ ሲደንዝም መልሰው ይስሉታል። ሙያውም በዓመታት ልምድ እንጂ በአንድ ቀን የሚያዝ አይደለም።

ክፍሉ ፎቶግራፉን ሲመለከት ልጅቷ የምትመለከተው የከተማውን ልጅ እጅ ነበር። ድንጋዩን በተሳሳተ አንግል ይዞ ከመካከሉ ይመታዋል።

«እንዲያ አይደለም» አለች።

ሁሉም ዘወር አለ። ልጅቷ ተነሥታ ጉማጁን ከእጁ ተቀበለች። አገላብጣ አየችው፤ በመቺው ድንጋይ ቀስ ብላ አንኳኩታ ድምፁን አዳመጠች። ከዚያም ጠርዙን ወደ ራሷ አዘንብላ፣ ከዳር ገባ ብላ አንድ ጊዜ መታችው። እንደ ቅጠል የሣሣ ፍንካች ጭኗ ላይ ወደቀ። ሁለተኛ መታች፤ ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ፤ ምን እንዳደረገች ያኔ ገባት።

«ማን አስተማረሽ?» አሉ መምህሩ።

መልሱን የሚያውቀው ፎቶግራፉ ነበር። ልጅቷ መልስ ሳትሰጥ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በክፍሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዱ አድናቆቱን ሊገልጽላት ተሽቀዳደመ። ከእርሷ ጋር ከአንድ ሳህን ትበላ የነበረች የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ግን በማግሥቱ ምሳ ላይ ራት ቀደም ብላ እንደበላች፣ እንዳልራባት ተናገረች፤ በሦስተኛው ቀንም ሌላ ምክንያት አገኘች። የተማረ ሰው ሁሉ ከንቀት የጸዳ እንዳይደለ ልጅቷ አላወቀችም አይባልም፤ ቢሆንም አመማት። ከሁሉ የበለጠ ያስጨነቃት ግን የአንድ አድናቂዋ ንግግር ነበር። «እናትሽ እኮ የድንጋይ ዘመን ሰው ናቸው! ሚሊዮን ዓመት ሳይለወጡ የቆዩ!» አላት። ሊያከብራት ብሎ የተናገረው ነው። እርሷ ግን ስድብ ይሁን ምስጋና ለመለየት ተቸገረች።

መምህሩ ይህን ሲሰሙ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ለዚሁ አዋሉት። እውነት ነው፣ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በኮንሶ አካባቢ በተገኘው ጥንታዊ ሥፍራ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የእጅ መጥረቢያዎች ተገኝተዋል። እነዚህም በዓለም ከታወቁት የአሹል ባህል መሣሪያዎች መካከል ከጥንታውያኑ የሚመደቡ ናቸው። ዛሬም በዚያው አገር ድንጋይ የምትጠርብ ሴት አለች። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ ገመድ መወጠር የሳይንስ ሥራ አይደለም። ያን መጥረቢያ የሠራው ፍጡር እንደ እኛ ያለ ሰው አልነበረም። የዛሬዋ ጠፋሪ ብረት ታውቃለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ትልካለች። ድንጋዩን የምትጠቀመው ዘመን ረስቷት ሳይሆን ለሥራዋ ስለሚስማማት ነው። «ትላንት ሰዎች ሙያዋን ሲንቁ ኖሩ፤ እኛ ደግሞ በአድናቆት ስም ከዘመኗ አውጥተን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ልናስቀምጣት አይገባም። እርሷን መጠየቅ የምንችለው ስለ ሥራዋ ነው፤ ያወቀችውን ስንሰማ የጥንቱን ለመገመት የሚረዳ ጥያቄ እናገኛለን፤ መልሱን ግን ከምድር እንፈልጋለን።»

ፍለጋው ብዙም ሳይቆይ መጣ። ተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ ወደሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ወረዱ። ይህ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1963 በአንድ የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ተጠቁሞ፣ ከ1965 ጀምሮ በፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን መሪነት ለብዙ ዓመታት የተቆፈረ ነው። ከ1999 ወዲህ ደግሞ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ሥራውን ቀጥለውበታል። ከባልጪት ጋር በአንድነት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የባልጪት ስም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ወዲያው ባልጩትን ያስታውሳል፤ እውነትም ያ ምድር ጥቁር መስታወት በሚመስለው ድንጋይ የተሞላ ነው።

በጎምቦሬ ከመጠለያ ሥር አንድ የጥንት መሬት እንደ ተገኘ ተትቷል። ድንጋዮቹ አልተነሡም፤ ሰው ጥሏቸው በሄደበት ሁኔታ ተበታትነው ይታያሉ። ተማሪዎቹ በአጥሩ ዙሪያ ቆመው ዝም አሉ። የኮንሶዋ ልጅ ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«እዚህ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ የጠረበ ይመስለኛል» አለች፤ ከትምህርቱ መጀመሪያ ወዲህ ሳትጠየቅ ስትናገር ሁለተኛዋ ነበር።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ትንንሾቹ ፍንካቾች በአንድ በኩል ተጠጋግተዋል። በቤታችን ደጅ እንዲህ ነው የሚወድቁት።»

«መልካም። ውሃ አምጥቶ አከማችቷቸው ቢሆንስ? አዋሽ በአጠገባችን ነው።»

ልጅቷ ዝም ብላ አሰበች። «ውሃ ቢያንከባልላቸው ጠርዛቸው ይደነዝዝ ነበር። ስለዚህ ጠርዙን መመርመር አለብን።»

«አዎን፤ እንግዲህ አርኪዮሎጂ ጀመርሽ» አሉ መምህሩ። ዶቃውን የመነጨቀው ወጣት በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጥያቄውንም መልሱንም ጻፈ።

የዕረፍቱ ጊዜ ሲደርስ ልጅቷ አርባ ምንጭ አድራ ወደ ኮንሶ ተመለሰች። በቦርሳዋ ውስጥ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ላስቲክ ከረጢትና የመመዝገቢያ ቅጾች ነበሩ። ያለ ፈቃድ ጥንታዊ ሥፍራ መቆፈር በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የተከለከለ ነው፤ እርሷ ግን ለመጨረሻ ጽሑፏ የመረጠችው የእናቷን ጥራጊ ነበር። እናቷ የደነዘዘውን ምላጭ የትም አይጥሉም፤ የልጆች እግር እንዳይቆርጥ ሰብስበው ከአጥሩ ሥር በአንድ ሥፍራ ይደፉታል። ክምሩ ከልጅቷ ዕድሜ ይበልጣል።

«ለዚህ ነው አዲስ አበባ ድረስ የላክንሽ?» አሉ እናቷ፤ ልጃቸው በቆሻሻ ክምር ዙሪያ ችካል ስትተክል አይተው። ቢሆንም ሥራቸውን አቁመው ከጥላው ሥር ተቀመጡና ተመለከቱ። ልጅቷ እያንዳንዱን ንብርብር ለብቻው እየለየች፣ እየለካች፣ እየጻፈች በከረጢት አኖረች።

በክፍል የተማረችው አንድ ነገር በልቧ ነበር። በምላጭ ጠርዝ ላይ አንዳንዴ የምትቀር ሹል ጉጥ አለች። ቀደም ሲል ተመራማሪዎች ጉጧ ለመብሻ ሆን ተብላ የተሠራች ይመስላቸው ነበር። በጋሞ ጠፋሪዎች መካከል የተደረገ ጥናት ግን ጉጧ ይበልጥ የምትታየው ገና በሚማሩና ኃይላቸው በደከመ ባለሙያዎች ሥራ ላይ መሆኑን አሳየ። ልጅቷ የእናቷን ምላጮች በሦስት ረድፍ ደረደረቻቸው። ከመካከሉ ንብርብር የወጡት ጠርዛቸው እንደ ጨረቃ ክብ፣ ያለ እንከን ነው። ከላይ ከቅርብ ጊዜው የተገኙት ጉጥ ያለባቸው ናቸው። ከሁሉም በታች ያሉትም እንዲሁ ጉጥ አለባቸው።

እናቷ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ከታችኛው ረድፍ አንድ ቀላ ያለ ድንጋይ አንሥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይህ ገና ሙሽራ ሳለሁ የሠራሁት ነው። ይህን ቀይ ድንጋይ ያመጣነው ከአማቴ ጋር ነበር። ሳበላሽ እየሳቁብኝ እርሳቸው ናቸው ያስለመዱኝ» አሉ። ከዚያም ወደ ላይኛው ረድፍ ተመልክተው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «እነዚህ ደግሞ የዘንድሮ ናቸው። ድንጋዩ አይደለም፤ እጄ ነው።»

ልጅቷ በእናቷ ሥራ የተደገፈ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ኖራለች፤ የእናቷ እጅ መድከሙን ግን ያወቀችው ያኔ ነው። አንድ ዕድሜ ሙሉ፣ ከመማር እስከ መካን፣ ከመካን እስከ መድከም፣ በአርባ ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ተነባብሮ በአጥሩ ሥር ተኝቶ ነበር። በየቀኑ እየረገጠችው አልፋለች።

ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ጥንታዊ ታሪክ ሲያስተምሩ ሐውልቱን ያቆመውን ንጉሥ ስም ያስጠናሉ። ሐውልቱን የጠረበው ሰው ግን ስም የለውም። ይህ የመምህራን ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የጽሑፍ ምንጭ ራሱ የሠራተኛውን ስም እምብዛም አልያዘም። አርኪዮሎጂ ይህን ጉድለት በከፊል የሚያቃናው ስም ያልተጻፈለትን ሰው ከእጁ ሥራ ስለሚያገኘው ነው። ነገር ግን ሠሪው በሕይወት ሳለ፣ በአጠገባችንም ተቀምጦ ሳለ ስሙን የማንጠይቅ ከሆነ፣ ለሙታን የምናሳየው ትጋት በሕያዋን ላይ የምንፈጽመውን ንቀት አያካክስም።

በትምህርቱ የመጨረሻ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ጥናቱን አቀረበ። ልጅቷ ሦስቱን ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጥቂት ቆመች። «ከመጀመሬ በፊት» አለች፤ «በመጀመሪያው ቀን የተናገርሁትን ማረም እፈልጋለሁ። እናቴ ነጋዴ አይደለችም። ቆዳ ጠፋሪ ናት።» ከዚያም ስለ ንብርብሩ፣ ስለ ድንጋዩ ዓይነትና ስለ ጉጧ አስረዳች። አሥራ አንድ ምላጭ ከአንድ ሠሪ እጅ ብቻ መውጣቱን፣ ስለዚህም ለሰፊ ድምዳሜ እንደማይበቃ በራሷ አንደበት ገለጸች። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ቆይታ በመጨረሻ ወጣች። የከተማው ልጅ ግን አልወጣም። ቀርቦ አንዱን ምላጭ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቀ፤ «አንግሉን አሳዪኝ» አላት።

መምህሩ ከረጢቶቹን ወደ ቁም ሣጥኑ ከማስገባታቸው በፊት የተለጠፉትን ቅጾች መረመሩ። ሥፍራ፣ ጥልቀት፣ ቀን፣ የቆፋሪው ስም፤ ሁሉም በሥርዓት ተሞልቷል። ከሥሩ ግን በቅጹ ላይ ያልታተመ አንድ መሥመር በእጅ ተሰምሯል። «የሠሪዋ ስም» ይላል፤ ከፊት ለፊቱም የእናቷ ስም እስከ አያቷ ድረስ ተጽፏል። መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ሊያባዙት ካዘጋጁት ባዶ ቅጽ አንዱን አወጡና፣ በእርሳስ፣ በዚያው ሥፍራ ላይ አንድ መሥመር ጨመሩ።